ባይተዋር ቁልፍ

«ይገባል፣ ይዞራል፣ ጥርሱም ልክ ነው» አለች፤
«እሷ ግን ዝም ነው፣ ምን ሆና አኮረፈች?»
ብርዛፍ ናት በስልኩ፣ ድምጿ ተቆራርጦ፤
ቪትዟ ቆማለች ትያትር ቤቱ ፊት፣ ሰው ሁሉ አፍጥጦ።

የፊተኛውን ቁልፍ፣ ስታዲየም ጥግ ላይ፣
ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ ዋጠው፣ በጠራራ ፀሐይ።
አዲስ አስቀረፀች አውቶቡስ ተራ፤
ቁልፍ አንባቢ ሳጥንም ገዛች፣ አሮጌ፣ ከሶማሌ ተራ፣
መዝገቡ የተፋቀ፣ ስም የሚጠብቅ ባዶ፤
«በቃ ሰካው» አሏት፣ ቀላል ነገር መስሎ፣ ከባድ ነው ለካ ከርሞ።

ሳጥኔን አንግቼ ቁልቁል ከቴዎድሮስ አደባባይ፣
ደርሼ አጎንብሼ ከመሪው ሥር ባይ፦
ቀይዋ ነጥብ መብራት ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣
እንቅልፍ እንደናጠው የዘበኛ ዓይን፣
«ማነህ? ማነህ? ማነህ?»

ከቁልፉ ራስ ውስጥ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብልቃጥ አለች፤
ሲሰኳት ስሟን ታንሾካሹካለች።
ሳጥኑ መዝገብ ይገልጣል፤ ስምህ ከሌለ ከፋይሉ፣
ልክ እንደ ቀበሌ ነው፣ «ነገ ና» ነው ቃሉ።

ማስመዝገቢያውም ወግ አለው፦
አምስቴ ክተት አውጣ፣ ስድስቴ በር ክፈት ዝጋ፤
ቁጥሯ ከተዛነፈ፣ ከሀ ጀምር፣ አትንጫጫ።

አምስቴ ከተትኩ። ስድስቴ በሩን ገጨሁ።
ብልጭ።
ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛ።
ብርዛፍ ጮክ ብላ ቆጠረች፣ ሊስትሮው አብሯት ቆጠረ፤
አራት ላይ ተሳሳተና ሁሉም እንደ አዲስ ተጀመረ።
ከፖስታ ቤት የመጡ ባለ ከዘራ አዛውንት
«ልጄ፣ ይሄ ምን ስግደት ነው?» አሉ ቆም ብለው ለቅጽበት።
«ንስሐ ነው አባባ፣ ቁልፍ የጣለ ሰው ንስሐ።»
ሄዱ ራሳቸውን ነቅንቀው።
ሉባባም መጣች፣ የፓርኪንጓ ልጅ፣ ግማሽ ሰዓት ሞላ ብላ
ወረቀት ሰካች በመስታወት መጥረጊያው፣ በሌላው ወረቀት ላይ ሌላ።

«ሻጩ ጋ ደውዬ ነበር» አለች ብርዛፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ሳጥኑ ሞቷል አለኝ፤ አዲስ ከዱባይ፣ ሠላሳ ሁለት ሺህ ዋጋ።
ዕቁቤ ደግሞ የሚደርሰኝ ገና ለፋሲካ።»

ባትሪውን ለካሁ፤ ጤነኛ።
ፊውዞቹን አንድ ባንድ ነቅዬ ለፀሐይ አሳየሁ፤ ደህና።
እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሳጥኑን ማማት ጀምሬ ነበር፤
ያላወቁትን ነገር «ሞተ» ማለት ይቀላል፣ ከመመርመር።

ደክሞኝ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ለአስፋልቱ ሰጥቼ፤
የጣሪያዋን አምፑል አየሁ፣ ሳልፈልጋት ቀና ብዬ።
በሩ ወለል ብሏል።
አምፑሏ አልበራችም።

ጣቴን ሰደድኩ ከምሰሶው፣ ከማጠፊያው በታች በኩል፤
የጎማ ኮፍያ የደፋች አውራ ጣት የማታህል
እሷም ስሟ ቁልፍ ነው፣ የበር ቁልፍ፣ የምትጫን፤
የመንገድ ሥራ አቧራና ግሪስ ጋግሮባት ብዙ ቀን
ወደ ውስጥ ተጨፍልቃ ቀርታለች።

ለካ ስድስቴ ስንከፍት፣ ስድስቴ ስንዘጋ
ለእሷ በሩ አንዴም አልተከፈተም።
የምንሰራውን ሁሉ ሠርተናል፤
የሚነግርላት ነው የታጣው።

አሮጌ ጥርስ ብሩሽ፣ ጠብታ ቤንዚን። ፈገፈግኳት ደጋግሜ።
ጣቅ ብላ ወጣች፣
አምፑሏም በቀትር በራች።

አምስት። ስድስት። ሊስትሮው አልተሳሳተም።
ቀይዋ ነጥብ ፈዘዘች፣ ጭል አለች፣ ከዚያ የለችም።
«መብራት ጠፋ!» ብርዛፍ ጮኸች፤
ጭማቂ ቤቱ ደጅ የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ ማሽኑን አየ፤
አቮካዶውን ይፈጫል፣ ምንም እንዳልተባለ።
ሳቅሁ። በዚህ ከተማ
«መብራት ጠፋ» ሲባል ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ።

ራሷ አዞረችው። አንዴ አስነጠሰች፣ ያዘች ሞተሯ።
«ስንት ልስጥህ?» አለች፣ እጇ ገብቶ ቦርሳዋ።
የብሩሹን ብል ይስቁብኛል፤
የሠላሳ ሁለቱን ሺህ ብል እዋሻለሁ።
እያመነታሁ ሳለ፣ በደስታ ይሁን በስህተት፣
የመስታወት መጥረጊያውን ነካች፣ ዝናብ በሌለበት፤
አምስቱ ወረቀት ተበተነ አስፋልቱ ላይ፣
ሉባባ እየሮጠች ከኋላ፣ «ሂሳብ! እንዴ፣ ሂሳብ የለም ወይ!»